ጥቆማ፦ ለቢራቢሮ የሚሆኑ አበቦች፣ ከዚኒያ እስከ እንስላል

ጥያቄ፦ ፀሐይ የሚያገኝ ጠባብ ቦታና ጥቂት የአበባ መትከያዎች አሉኝ። ቢራቢሮዎች እንዲመጡልኝ እፈልጋለሁ። ችግኝ የሚሸጡ ሰዎች የሚነግሩኝ ግን እርስ በርሱ ይጋጫል፤ አንዱ ቡድልያ ይላል፣ ሌላው ላንታና። ልምድ ያላችሁ የትኛውን ከየትኛው እንደምታስቀድሙ ንገሩኝ።

አንደኛ መልስ፦ እህቴ፣ አበባ ከማወዳደራችን በፊት ቢራቢሮዋ የምትጠጣውና ልጇ አባጨጓሬው የሚበላው የተለያየ መሆኑን ልብ በይ። እናቲቱ ኔክታር የሚባለውን ጣፋጭ የአበባ ፈሳሽ እስካገኘች ድረስ ከብዙ ዓይነት አበባ ትጠጣለች። አባጨጓሬው ግን ምርጫው ጠባብ ነው፤ ብዙው ዝርያ ከራሱ የተክል ወገን ውጪ ቢያቀርቡለት በረሃብ ይሞታል እንጂ አይነካውም። ስለዚህ አበባ ብቻ የተተከለበት ቦታ ቢራቢሮ ጎራ ብላ የምታልፍበት ይሆናል። እንድትሰነብት ከፈለግሽ ቅጠልም መትከል፣ ቅጠሉ ሲበላም አለመቆጣት ነው። ይህን አስቀድሞ የሚናገር ሻጭ አላጋጠመኝም፤ የተበላ ቅጠል ገዢ የለውማ።

የጠየቅሽው አበባውን ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ለጀማሪ ከዚኒያ የሚሻል አላውቅም። ከዘር ይበቅላል፣ ከተዘራ ከ60 እስከ 70 ቀን ባለው ጊዜ ያብባል፣ የጠወለገውን በቆረጥሽለት ቁጥር አዲስ ያወጣል። ጠጋ ብለሽ ስታዪው አንድ አበባ የመሰለሽ ነገር የብዙ አበቦች ስብስብ ነው። ዙሪያውን ከተደረደሩት ባለቀለም ቅጠሎች መሀል ኮከብ የሚመስሉ ደቃቅ ቢጫ አበቦች ቀለበት ሠርተው ይቆማሉ፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ኔክታር አላቸው። ቢራቢሮዋ እዚያው እንደቆመች መምጠጫዋን ከአንዱ እያወጣች ወደ ሌላው እየከተተች ትዞራለች። ቀለበቱ ከዳር ወደ መሀል ቀስ በቀስ ስለሚከፈት አንዱ አበባ ለብዙ ቀናት ያስተናግዳል። አደራ፣ ነጠላውን ምረጪ። ድርብ በሚባለው ዝርያ እነዚያ ደቃቅ አበቦች አብዛኞቹ ወደ ጌጥ ቅጠልነት ተለውጠዋል፤ ለዓይን ይሞላል፣ ለቢራቢሮ ግን ባዶ ማዕድ ነው። ለዳሊያ አበባም ሕጉ ይኸው ነው።

ለአበባ መትከያ የምመርጠው ፔንታስን ነው። ትውልዱ አፍሪካ ነው። ባለአምስት ጫፍ ኮከቦቹ በጥቅል ይወጣሉ፤ ከኮከቡ በታች ያለው ቱቦ ቀጭንና ረጅም በመሆኑ መምጠጫዋ ለረዘመ ቢራቢሮ የተመቸ ነው። ውርጭ በማይደርስበት ቦታ ዓመቱን ሙሉ ሊያብብ ይችላል። እኔ ቀዩንና ሮዛውን ከነጩ አስቀድማለሁ። ቲቶኒያ፣ ያ ብርቱካናማው የሜክሲኮ ተክል፣ ለቢራቢሮ ከዚኒያ ባያንስም እስከ 2 ሜትር ይደርሳል፤ ግንዱ ውስጡ ባዶ ስለሆነም በንፋስ ይሰበራል። ጠባብ ቦታ ላለው ሰው አልመክርም።

ላንታናን፣ የወፍ ቆሎ የምንለውን፣ በተመለከተ ሻጩ አልዋሸሽም። ቢራቢሮ ይወደዋል። አዲስ የፈካው አበባ ብዙ ጊዜ ቢጫ ነው፤ ኔክታሩም ያለው ያኔ ነው። እያደር ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያም ወደ ቀይ ይዞራል። ቢራቢሮዎች ይህን ስለሚለዩ ከአንዱ ጥቅል ላይ ቢጫዎቹን መርጠው ይጠጣሉ፤ ቆመሽ ብትመለከቺ ታያለሽ። ችግሩ ሌላ ነው። ከትውልድ አገሩ ከአሜሪካ ሞቃታማ ክፍሎች ወጥቶ በብዙ አገሮች ወራሪ አረም ሆኗል፤ ፍሬውን ወፎች በልተው ዘሩን ይበትኑታል፣ ቅጠሉም ከብት ይመርዛል። ግጦሽ ወይም ጫካ አጠገብሽ ካለ አትትከዪው። ከተከልሽም ፍሬ የማይዘውን ዝርያ ጠይቂ።

ቡድልያ ከስሙ ያንሳል። አባጨጓሬ እምብዛም አያሳድግም፣ ቦታም ይፈጃል።

አሁን ወደ ቅጠሉ። እንስላል ትከዪ፤ አንድ እግር ብቻ እንኳ ይበቃል። ጅራት ያላቸው ትልልቅ ቢራቢሮዎች ከሚገኙበት ወገን አንዳንዶቹ እንቁላላቸውን በእንስላል፣ በፐርሰሊና በካሮት ቅጠል ላይ ይጥላሉ። ሌሎቹ የዚያው ወገን ዝርያዎች ጤና አዳምን፣ ሎሚንና ብርቱካንን ይመርጣሉ። እናቲቱ ስትመጣ ቅጠሉን በእግሯ መታ መታ ታደርገዋለች፤ ጣዕም የምትለየው በእግሯ ነውና። ልክ መሆኑን ስታረጋግጥ ሆዷን አጥፋ የመርፌ ራስ የምታህል ገርጣ ያለች እንቁላል አንዲት ታስቀምጥና ትነሣለች። የሚፈለፈለው አባጨጓሬ በመጀመሪያ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ወፎች እንዲተዉት ነው። ሲያድግ በጣትሽ ብትነኪው ከራሱ ኋላ ሹካ የመሰለ ብርቱካናማ ቀንድ ብቅ አድርጎ መጥፎ ሽታ ይለቃል። አይጎዳሽም፣ ሊያስፈራራሽ ነው። እንስላሉን ግን ቅርንጫፍ ብቻ እስኪቀር ሊግጠው ይችላል፤ ብዙ ጊዜ መልሶ ያቆጠቁጣል።

ሁለተኛ መልስ፦ በእንስላሉ እስማማለሁ፣ ቡድልያ ላይ የተፈረደው ፍርድ ግን ከረረብኝ። አባጨጓሬ አለማሳደጉ እውነት ነው፤ ዚኒያስ ቢሆን መቼ ያሳድጋል? ረጅሙ የአበባ ዘለላ ብዙ ቢራቢሮዎችን በአንድ ጊዜ ያስተናግዳል፣ ሽታውም ከሩቅ ይጠራል። አንፋር የምንለው ዛፍም የዚሁ ወገን ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው የቻይናው ዝርያ ግን ዘሩ ብናኝ ስለሆነ በንፋስ ይሄዳል፤ በብሪታንያ በባቡር ሐዲድ ዳርና በፍርስራሽ ግንብ ላይ ሳይቀር በቅሏል። ዘለላው ሲደርቅ ዘር ሳይበትን የሚቆርጥ ሰው ካለ ይትከለው፣ የማይቆርጥ ይተወው። ድንክ ዝርያዎችም ስላሉ ቦታን በተመለከተ የቀረበው ክስ ሁሉንም አይመለከትም።

እኔ የምጨምረው ስለ ግዢው ነው። ከችግኝ ጣቢያ ስትገዢ ምን እንደተረጨ ጠይቂ። ኒዮኒኮቲኖይድ የሚባሉት ፀረ ተባዮች በሥርና በቅጠል ገብተው እስከ ኔክታሩ ይደርሳሉ፤ ላዩን በውኃ ብታጥቢው አይለቅም። እንከን የሌለበት፣ አንዲት ቀዳዳ ያልታየበት የእንስላል ወይም የጤና አዳም ችግኝ ካየሽ እኔ እጠራጠረዋለሁ። ቢቲ የሚባለውም ከባክቴሪያ የተገኘና ለሰው የማያሰጋ ቢሆንም አባጨጓሬ ለመግደል የተሠራ ነውና እዚህ ቦታ የለውም። ከዘር ማብቀል ከዚህ ሁሉ ጭንቀት ያድናል።

ጠያቂዋ፦ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ሚልክዊድ ምን ትላላችሁ? ደግሞ ያገኘሁት የዚኒያ ዘር ድርብ የሚል ብቻ ነው።

አንደኛ መልስ፦ ሚልክዊድ ነጭ ወተት ከሚያወጡት ተክሎች ነው፤ ቶቢያም ዘመዱ ነው። ሞናርክ የምትባለው ቢራቢሮ አባጨጓሬዎች ከዚህ ወገን ውጪ አይበሉም። መርዙን በአካላቸው ስለሚያከማቹት የቀመሰቻቸው ወፍ ሁለተኛ አትደግምም። ጥሩ ተክል ነው፤ ነገር ግን ወተቱ ዓይን ክፉኛ ይጎዳል፣ ሕፃናት ካሉ አስቢበት፣ ስትቆርጪም ጓንት አድርጊ። ቀይና ቢጫ የሚያብበው የሞቃት አገሩ ዝርያ ውርጭ በሌለበት ቦታ ሳይደርቅ ስለሚከርም በቅጠሉ ላይ የሞናርክ ጥገኛ ተሕዋስያን ይከማቻሉ። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ እስከ መሬቱ ቁረጪው። እንደ እኔ ግን መጀመሪያ በእንስላሉ ልመጂ።

ዘሩን አትጣዪው። ድርብ ተብሎ ከተሸጠ ዘር ውስጥም ጥቂቶቹ ነጠላ ሆነው ይወጣሉ። አራርቀሽ ዝሪ፣ ሲያብቡ መሀላቸው ቢጫ ቀለበት ያለባቸውን በክር ምልክት አድርጊባቸው፣ አበባው ተክሉ ላይ እንዳለ ደርቆ ቡናማ ሲሆን ዘሩን ከእነሱ ብቻ ልቀሚ። በተከታዩ ዘር ነጠላው ይበዛልሻል።