ችግኝ በነጥብ ማጠጣት፦ ልጆቹ ሰለቹብኝ፣ ምን ላድርግ?

የጦሳ ሥር መምህር፦
ሰላም ናችሁ? ደሴ ነው የማስተምረው። በአካባቢ ጥበቃ ክበባችን ጥር ላይ የነጥብ ጨዋታ ጀመርን። የጽድና የወይራ ችግኝ ያጠጣ 5 ነጥብ፣ ከመንገድ ባዶ ሃይላንድ ለቅሞ ያመጣ 2። ሳያቋርጥ ሳምንት የዘለቀ እጥፍ ያገኛል። ደረጃቸው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። መጀመሪያ እሳት ነበሩ።

መጋቢት ላይ የበልጉ ዝናብ ዶፉን እያወረደው አንዱ ልጅ ጃንጥላ ይዞ ችግኝ ሲያጠጣ አገኘሁት። «ምን ነካህ?» ስለው «እጥፌ እንዳይቋረጥ» አለኝ። ሳቄ መጣ። ቀጥሎ የሆነው ግን አላሳቀኝም። አንደኛ የነበረችው ልጅ ታማ ሁለት ቀን ቀረች፣ እጥፉ ዜሮ ሲገባባት ክበቡን ጥላ ወጣች። ከ30 ልጅ አሁን የቀሩኝ 11 ናቸው። ነጥቡን ላጥፋው ወይስ ሌላ መላ አለ?

ኮምቦልቻዬ፦
ቲቸር፣ ችግሩ የምትቆጥረው ነገር ላይ ነው። ውኃ መድፋት ቆጠርክ፣ ልጁም ውኃ ደፋ። የጸደቀ ችግኝ ቁጠር። በወር አንዴ ዞራችሁ እዩ፣ ቆሞ ለተገኘው ነጥብ ስጥ፣ ያኔ በዝናብ ቀን ቤት መቀመጥም ብልጠት ይሆናል። ቋንቋ የሚያስተምረው ዱኦሊንጎ እንኳ አንድ ቀን ቢያመልጥህ ተከታታይህ እንዳይሰበር መከላከያ አለው። ለሁሉም በወር 4 የዕረፍት ቀን ስጣቸው፣ ምክንያት አትጠይቅ። ያን ዝርዝር ደግሞ ከግድግዳው አውርደው በናትህ! 28ኛ የወጣ ልጅ በየቀኑ ምን ሊያይበት ነው?

ሳይኮሎጂ የተማርኩ፦
በ1973 እ.ኤ.አ. ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት አሜሪካ ውስጥ የሠሩት የታወቀ ጥናት አለ። ሥዕል የሚወዱ ሕፃናት ናቸው። «ከሣላችሁ ትሸለማላችሁ» ተብለው የተሸለሙት በኋላ በራሳቸው ጊዜ መሣሉን ቀነሱ። ድንገት የተሸለሙት ግን አልቀነሱም። ስለዚህ ሽልማቱን አስቀድመህ አታውራ። አንድ ቀን ዝም ብለህ ቆሎ ይዘህላቸው ሂድ።

እናት ከሐይቅ፦
ልጄ፣ እኔ ዱኦ ምናምኑን አላውቅም፣ ቅሬን፣ የኛን የወሎዎቹን ዕድር ግን አውቃለሁ። በቅሬአችን የቀረ ይቀጣል፣ እውነት ነው። የታመመ ግን ይጠየቃል እንጂ አይቀጣም። ያችን ልጅ ማን ጠየቃት? ችግኙን ለአምስት ለአምስት አካፍላቸው፣ አንዷ ስትታመም ሌላው ያጠጣላታል። ነጥቡም የጋራ ይሁን።

የጦሳ ሥር መምህር፦
እናቴ፣ እውነትዎን ነው፣ ማንም አልጠየቃትም፣ እኔም ጭምር። ነገ ከልጆቹ ጋር ቤቷ እንሄዳለን። ዝርዝሩንም ዛሬ አወረድኩት። ባለጃንጥላው ልጅ ግን «ቲቸር፣ ነጥቤስ?» እያለ ከኋላ ከኋላዬ ነው 😂