ክረምቱ አጥቦታል ስለተባለው የነዳጅ ዴፖ (ክርክር)

አዳሜው፦ እዚህ አዳማ የቀድሞው የነዳጅ ዴፖ (ማከማቻ) ግቢ ለማኅበር ቤት መሥሪያ ከመሰጠቱ በፊት አፈሩና የከርሰ ምድር ውሃው ይመርመር ብለን በቀበሌው ስብሰባ ላይ ብንጠይቅ፣ መድረኩን የመሩት ኃላፊ «ታንከሮቹ ከተነሱ ዓመታት አልፈዋል፤ የቀረ ነገር ቢኖርም ክረምቱ አጥቦታል» ብለው ዘጉት። ለመሆኑ ክረምቱ አጥቦ የወሰደው ወዴት ነው?

ቤት ፈላጊ፦ የማኅበሩ አባል ነኝና ልመልስልዎ። ነዳጅ ይተናል፤ የቀረውንም በአፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ይበሉታል። ደግሞስ የአዳማ ሕዝብ የሚጠጣው ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣ የቧንቧ ውሃ አይደለምን? የጉድጓዱንማ ፍሎራይዱ ድሮ አስጥሎናል። ሰው ቆጥቦ ቆጥቦ መሬት ሲያገኝ ብቻ ስለ አካባቢ የሚያስብ ሰው መብዛቱ ይገርመኛል።

ቆፋሪው፦ «አጥቦታል» የሚለው ቃል አፈሩ ላይ ስለሆነው እንጂ ውሃው ላይ ስለሆነው አይናገርም። ቤንዚንና ናፍጣ ከውሃ ስለሚቀልሉ በከርሰ ምድር ውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ውሃው በክረምት ከፍ፣ በበጋ ዝቅ ባለ ቁጥር አብረው እየወጡና እየወረዱ አፈሩን ይቀባሉ። በነዳጁ ውስጥ ያለው ቤንዝን የተባለ (ከቤንዚን የተለየ) ካንሰር አምጪ ንጥረ ነገር ደግሞ በውሃው ይሟሟል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 10 ማይክሮግራም ስለሆነ፣ አንድ ግራም ቤንዝን 100,000 ሊትር ውሃን እስከ ወሰኑ ያደርሳል። ባክቴሪያ ነዳጅ መብላቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ኦክስጅኑ ሲያልቅ ሥራው እጅግ ይዘገያል፤ መብላቱም የሚረጋገጠው በተከታታይ ልኬት ነው። እርሳስ (ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት) የተቀላቀለበት ቤንዚን ደግሞ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች የቀረው እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ነው፤ ዴፖው ከዚያ በፊት ይሠራ ስለነበር፣ እርሳስን የሚበላ ባክቴሪያ ካለ ይንገሩን።

የከተማው ልጅ፦ ኃላፊው የዚህ ከተማ ልጅ ናቸው። የሰፈራችንን የኮብልስቶን መንገድ ያሠሩልን እርሳቸው ሆነው ሳለ በአንዲት ቃል ሲብጠለጠሉ ማየት ያሳዝናል።

አዳሜው፦ ስለ ኮብልስቶኑ እናመሰግናለን። የጠየቅነው ከኮብልስቶኑ በታች ስላለው ነው።

ቤት ፈላጊ፦ ናሙና ተወስዶ ንጹሕ ነው ተብሏል እኮ። ቆፋሪው ግን የቁፋሮ ማሽን ያለዎት ይመስላል፤ ሥራ ፍለጋ ከሆነ በግልጽ ይናገሩ።

የላቦራቶሪው፦ ናሙናው ሲወሰድ ከአጥሩ ውጭ ቆመን ያየን ብዙ ነን። ከላይ ከላዩ በአካፋ የተዛቀ አፈርና ከአንድ አሮጌ ጉድጓድ በሃይላንድ የተቀዳ ውሃ ፀሐይ ላይ ውሎ ከሰዓት ተጫነ። በእንዲህ ያለ ዕቃ የተወሰደ ቤንዝን ላቦራቶሪ ሳይደርስ ስለሚተን፣ «አልተገኘም» የሚል ውጤት ቢመጣ አይደንቅም። ትክክለኛው ናሙና አየር እስከማይቀር ድረስ በተሞላ የመስታወት ብልቃጥ፣ በበረዶ ተይዞ፣ አፈሩም ታንከሮቹና የመጫኛ ቧንቧዎቹ ከነበሩበት ሥር ከተለያየ ጥልቀት የሚወሰድ ነው።

ቆፋሪው፦ የቁፋሮ ማሽን የለኝም። አንድ ጉድጓድ ግን ውሃው ወዴት እንደሚሄድ አይነግርም፤ አቅጣጫውን ለማወቅ ቢያንስ በሦስት ማዕዘን የተቀመጡ ሦስት ጉድጓዶች ያስፈልጋሉ። በወንጂ የስምጥ ቀበቶ (በስምጥ ሸለቆው ውስጥ መሬቱ በተሰነጣጠቀበት መስመር) ላይ በተቀመጠ፣ ስንጥቆቹ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ በሚሄዱ መሬት ላይ ደግሞ ውሃው የሜዳውን ቁልቁለት ይከተላል ብሎ መገመት ያሳስታል። ስለ አዋሹ ውሃም ልጨምር፦ ያ የተጣራ ውሃ ወደ ቤትዎ የሚገባው በፕላስቲክ ቧንቧ ነው፤ ቧንቧው ነዳጅ በጠጣ አፈር ውስጥ ከተቀበረ ቤንዝን ግድግዳውን ሰርጎ ሊገባ ይችላል።

ቤት ፈላጊ፦ አሁን ደግሞ ቧንቧው መጣ።

ጠበቃ ነኝ ባይ፦ ከመነቋቆር አዋጁን ማንበብ ይሻላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። ምርመራ ካልተደረገ ማን እንደበከለ አይታወቅም፤ ካልታወቀ ደግሞ ወጪው ቤቱን በሠራው ላይ እንዳይወድቅ እሰጋለሁ። ስለዚህ ምርመራውን ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ማኅበሩ ራሱ ነው።

ቤት ፈላጊ፦ ጥሩ። ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ በበጋም በክረምትም ተለክቶ ውጤቱ እስኪመጣ የቤት ኪራዬን የሚከፍልልኝስ ማን ነው? አዋጁ እሱንም ይላል?

ጠበቃ ነኝ ባይ፦ ስለ ኪራይ አይናገርም። ማኅበሩ ግን ካርታ ከመረከቡ በፊት የምርመራው ውጤት ይሰጠን ብሎ በደብዳቤ ቢጠይቅ የሚያጣው ነገር የለም።

ቤት ፈላጊ፦ እርስዎ ደብዳቤውን ይጽፋሉ፤ መሬቱ ለሌላ ማኅበር ሲሰጥ የምናየው ግን እኛ ነን።