ለአባቴ ጥሩ የሱፍ ባርኔጣ፦ የቱን ልግዛ? ልኩንስ እንዴት ልያዝ?

የኩታበሩ ልጅ፦
ሰላም የወሎ ልጆች! ለአባቴ ባርኔጣ ልገዛ ነው። እህቴ በጥር ትዳራለች፤ አባቴ ደግሞ ያለ ባርኔጣ ከቤት አይወጣም፣ ያለው ግን አርጅቶ ክፈፉ ወድቋል። ደሴ ላይ ሁለት አየሁ። አንዱ አዲስ ነው፣ ደረቅ ያለ፣ ውስጡ «100 ፐርሰንት ሱፍ» ይላል፣ ቁጥሩ 58። ሌላው ሳልባጅ ተራ ያገኘሁት ቦርሳሊኖ ነው። ለስላሳ ነው፣ ቁጥሩ 59፣ የውስጡ ቆዳ ትንሽ ደርቋል፣ ዋጋው ግን ከአዲሱ ይበልጣል! ያገለገለ ነገር በዚህ ዋጋ ይገዛል? የአባቴን ልክም አላውቅም፣ ሳይሰማ ነው ልሰጠው የፈለግኩት። ደሞ የእኛን አገር ንፋስና ዝናብ ታውቁታላችሁ።

ባርኔጣ ወዳጅ (ኮምቦልቻ)፦
አብሽር፣ ቦርሳሊኖው እውነተኛ ከሆነ ዋጋው አይግረምህ። አዲሱ የበግ ሱፍ ነው። ምርጦቹ የሚሰሩት ከጥንቸል ጠጉር ነው፤ ቦርሳሊኖም እ.ኤ.አ. በ1857 አሌሳንድሪያ በምትባል የጣሊያን ከተማ የተመሠረተ፣ በዚህ ሥራ ስሙን የተከለ ቤት ነው። የጥንቸል ጠጉር ቀጭን ስለሆነ በሙቅ ውሃና በእንፋሎት እየተጨመቀ ሲጠላለፍ ጥቅጥቅ ይላል። ስስ ሆኖ ጠንካራ ይሆናል፣ ካፊያም ቶሎ አያልፈውም። ርካሹ የበግ ሱፍ ግን ቅርጹን እንዲይዝ ብዙ ጊዜ ማጠንከሪያ ይቀባል። ያ ድርቀት የጥራት ምልክት አይደለም። ዝናብ በደንብ ሲመታው ይልሞሰሞሳል፣ ሲደርቅም ይጠባል።

ማህተሙን ብቻ አይተህ አትመን፣ ስም ማተም ቀላል ነው። ክፈፉን ቀስ ብለህ አጥፈህ ልቀቀው፤ ሳይሸበሸብ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ገበር ከሌለው ወደ ፀሐይ አንሳና ውስጡን እይ። ብል የበላው ከሆነ የመርፌ ጫፍ በሚያህል ቀዳዳ ብርሃን ይገባል። ቆዳውንም ገልብጠው። መድረቁ ብቻ ከሆነ ችግር የለም፣ ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ከሆነ ግን ወይ ዋጋ አስቀንስ ወይ ተወው። ጎበዝ ቆዳ ሰፊ ሊቀይረው ይችላል፤ የድሮውን የስፌት ቀዳዳ እየተከተለ በእጁ እንዲሰፋው ንገረው።

ልብስ ሰፊው (ሀይቅ)፦
በጥራቱ እስማማለሁ፣ እኔ ግን ልኩን አስቀድማለሁ። ልክ ያልሆነ ባርኔጣ የፈለገው ስም ይኑረው ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነው የሚቀረው። የባርኔጣ ቁጥር የጭንቅላት ዙሪያ በሴንቲ ነው። በእኛ በልብስ ሰፊዎች ሜትር ትለካለህ፤ ከጆሮ አንድ ጣት ከፍ ብሎ፣ ግንባር መሀል አልፎ፣ ከኋላ ጎላ ባለው በኩል ይዞራል። አይጠብቅም፣ አይላላም። ሳይሰሙ ከሆነ አሮጌውን ገልብጥና የቆዳውን የውስጥ ዙሪያ ለካ። ግን ቆዳ በጊዜ ብዛት ወይ ይሰፋል ወይ ይኮማተራል፣ ስለዚህ እናትህን «ይጠባቸዋል ወይስ ይሰፋቸዋል?» ብለህ ጠይቅ። በሁለት ቁጥር መሀል ከወደቀ ትልቁን ውሰድ። ለማጥበብ ከቆዳው ኋላ ቀጭን ስፖንጅ መሸጎጥ ይበቃል፣ ጠባቡን ላስፋ ብለህ ስትታገል ግን ቆዳው ከስፌቱ ይለቃል።

ሰው የማያስበው ደግሞ የጭንቅላት ቅርጽ ነው። ቁጥሩ ልክ ሆኖ ግንባርና ማጅራት ላይ እየያዘ በጆሮ በኩል ክፍተት ካለው፣ ጭንቅላታቸው ረዘም ያለ ነው ማለት ነው። ያኔ ከሚፈላ ማንቆርቆሪያ በሚወጣ እንፋሎት ዙሪያውን አሙቀው፣ ከፊትና ከኋላ በእጅህ ለጠጥ አድርገው፣ ከዛ እስኪቀዘቅዝ እሳቸው ራስ ላይ ይቆይ።

የደሴዋ፦
ወንድሜ፣ ሳይሰሙ የሚለውን ነገር ተወው። አባትህን ይዘህ ውረድ፣ ደስታው እኮ አብሮ መምረጡም ላይ ነው። ጋቢያቸውን ደርበው ይሞክሩት፤ ክፈፉ ከኋላ ጋቢው ላይ እያረፈ ባርኔጣውን ወደ ግንባር የሚገፋው አለ። አጠር ያሉ ከሆኑ ሰፊ ክፈፍ ይውጣቸዋል፣ 6 ሴንቲ አካባቢ ይበቃል። ትከሻቸው ሰፊ ከሆነ 7ም ያምርባቸዋል። ጎንበስ ብለው ሰላም ሲሉ መውደቅ የለበትም። ሲያወልቁትም ግንባራቸው ላይ መስመር ከተወ ጠቧል።

የኩታበሩ ልጅ፦
ኑሩልኝ! አሮጌውን ለካሁት፣ 58 ተኩል መጣ፣ እናቴም «ትንሽ ይይዘዋል» አለችኝ። ቦርሳሊኖው ላይ ቀብድ ከፍዬ ቅዳሜ አባዬን ይዤው እወርዳለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ዝናብ ሲመታው ምድጃ አጠገብ ነው የሚያደርቀው፣ ይጎዳዋል?

ባርኔጣ ወዳጅ (ኮምቦልቻ)፦
በጣም ይጎዳዋል! ሙቀት ቆዳውን ያኮማትረዋል፣ እሱ ሲኮማተር ባርኔጣውን ይዞት ይጠባል። ውሃውን አራግፎ፣ የውስጡን ቆዳ ወደ ውጭ ገልብጦ፣ በዚያው ቆዳ ላይ አቁሞ ጥላ ውስጥ ይተወው። አቧራውን ሲደርቅ በለስላሳ ብሩሽ ነው የሚጠርገው፣ በእርጥቡ አይነካ። በደረቅ ቀን ደግሞ በአናቱ ገልብጦ ያስቀምጠው፣ ክፈፉ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ቅርጹ ይጠፋል። ሲያነሳም አናቱን ፊት ለፊት ቆንጥጦ አይያዝ፣ ቶሎ የሚቀደደው እዚያ ጋ ነው።