የጂም ቶርፕ ሜዳልያ፦ መነጠቁ ትክክል ነበር ወይስ ግፍ?

ሩጫ ወዳድ፦ እስቲ እንከራከር። ጂም ቶርፕን ታውቁታላችሁ አይደል፣ የሳክ ኤንድ ፎክስ ጎሳ ልጅ፣ በፈረንጆቹ 1912 ስቶክሆልም ላይ ፔንታትሎንም (አምስት የስፖርት ዓይነት) ዴካትሎንም (አስር ዓይነት) ወርቅ የወሰደው። በ1913 ሁለቱንም ነጠቁት፣ በ1909 እና 1910 ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ በትንሽ ክፍያ ቤዝቦል ተጫውተሃል ብለው። ልክ ነበሩ?

ህግ ይከበር፦ ለኔ ልክ ናቸው። ያኔ ኦሎምፒክ ለአማተር፣ ማለትም በስፖርት ብር ለማይቀበል ሰው፣ ብቻ ነበር፣ ብር መቀበሉን ደሞ ራሱ አምኗል። ሁለተኛ የወጣው ሰውዬስ? ደንቡን ጠብቆ ተወዳድሮ ዝም ይበል?

እህታችሁ፦ ወንድሜ ህግ ካልክ እስከ መጨረሻው ሂድበታ። የዛው ኦሎምፒክ ደንብ ቅሬታ ያለው በ30 ቀን ውስጥ ያቅርብ ይላል፣ የሱ ጉዳይ ጋዜጣ ላይ የወጣው ጃንዋሪ 1913፣ ስድስት ወር ገደማ አልፎ! ሌሎቹ የኮሌጅ ልጆች በውሸት ስም ሲጫወቱ እሱ በገዛ ስሙ ነው የተጫወተው፣ ሊያጭበረብር ያሰበ ሰው ስሙን ያስመዘግባል እንዴ? የዴካትሎኑ ሁለተኛ ስዊድናዊው ሁጎ ዊስላንደር ደሞ ወርቁን የኔ ነው ብሎ ተቀብሎት አያውቅም፣ ቤተሰቡም ይሄንን መስክሯል።

ህግ ይከበር፦ የ30 ቀኗን አላውቅም ነበር፣ እሷ ላይ ተሸንፌያለሁ። ግን ቶርፕ ደንቡን አላውቅም ነበር ብሎ መጻፉ አይዋጥልኝም፣ ትልቅ ሰው ነበር እኮ።

ሩጫ ወዳድ፦ ከየት እንደመጣ እይ እንጂ። የተማረበት ካርላይል ትምህርት ቤት የነባር አሜሪካውያንን ልጆች ጸጉር ቆርጦ በቋንቋችሁ አታውሩ የሚል ነበር። አሰልጣኙ ፖፕ ዋርነርም ነገሩ ሲወጣ እኔ አላውቅም ብሎ ከደሙ ንጹህ ነኝ አለ፣ ልጁ ብቻውን ቀረ። እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው። ነባር አሜሪካውያን በሙሉ ዜግነት ያገኙት እኮ በ1924 ነው፣ እሱ ግን በ1912 ለዛች ሀገር ወርቅ አምጥቷል።

እህታችሁ፦ አቬሪ ብረንዴጅንም አትርሱ፣ ስቶክሆልም ላይ አብሮት ተወዳድሮ የተሸነፈ ሰው፣ በኋላ የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ (አይኦሲ) ፕሬዝዳንት ሆኖ ሜዳልያውን አልመልስም ያለ።

ህግ ይከበር፦ ግን በ1982 ተመለሰለት አይደል?

እህታችሁ፦ ተመለሰ ግን ከሌሎቹ ጋር እኩል አንደኛ ተብሎ፣ ልጆቹ የተቀበሉትም ቅጂ ሜዳልያ ነው። ብቻውን አሸናፊ የተባለው ጁላይ 2022። ቶርፕ ራሱ የሞተው ግን በ1953።