የማርሻል የመጨረሻ የልዩነት ሐሳብ፦ «ፓወር» ሥልጣን ነው ጉልበት?

ቃል ፈላጊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ተርጉድ ማርሻል ጡረታ እንደሚወጡ ያሳወቁ ቀን፣ እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 1991 ማለት ነው፣ ሞት በተፈረደበት በፔይንና በቴነሲ ግዛት ክርክር የጻፉት የልዩነት ሐሳብ (በአብላጫው ውሳኔ ያልተስማማ ዳኛ የሚጽፈው) ወጥቶ ነበር፣ እሱን ወደ አማርኛ ስመልስ ገና መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሜ ቀረሁ። «የዚህ ፍርድ ቤት አዲሱ የውሳኔ ከረንሲ ፓወር እንጂ ሪዝን አይደለም» ነው የሚለው። ፓወርን ሥልጣን ልበለው? ከረንሲውንስ?

የሕግ ሰው፦ እህቴ ሥልጣን አትበዪው። ሥልጣንማ ለማንኛውም ዳኛ ሕግ የሰጠው ነው፣ እሳቸው የሚቃወሙት ሌላ ነገር ነው። ፍርድ ቤቱ በ1987 እና በ1989 የሟች ማንነትና የቤተሰቡ ሐዘን የሞት ቅጣት ክርክር ላይ ለጁሪ (ከሕዝብ ተመርጠው ፍርድ ለሚሰጡ ሰዎች) እንዳይቀርብ ወስኖ ነበር፣ በ1991 ግን 6 ለ 3 ያንን ገለበጠው። ማርሻል የሚሉት ባለፉት አራት ዓመታት ሕጉም ፍሬ ነገሩም አልተለወጠም፣ የተለወጡት የሚቀመጡት ዳኞች ብቻ ናቸው ነው። እንግዲህ ድምፅ ስላለን እንገለብጣለን ማለት በአማርኛ ጉልበት ነው! ደሞ መዝጊያውን እዪው፣ ፍርድ ቤቱ የ«ፓወርለስ» ሰዎች ጠባቂነቱን ያጣል ብለው ነው የሚጨርሱት፤ ሥልጣን ካልሽ እዚያ ስትደርሺ «ሥልጣን የሌላቸው» ልትዪ ነው፣ ያ ደግሞ ሹመት የሌለው ሰው ማለት ይሆንብሻል። ጉልበት ካልሽ ግን «ጉልበት የሌላቸው» ብለሽ መክፈቻና መዝጊያውን ታገናኚዋለሽ። ጽሑፉ ያለዚያ ይፈርሳል፣ የምሬን ነው።

ሌላ አባል፦ ከጋሼ ጋር እስማማለሁ። ከረንሲን ምንዛሬ እንዳትዪው፣ ምንዛሬ ብር በዶላር ሲለወጥ ነው፣ እዚህ የተፈለገው ገበያ ላይ የሚሠራ ገንዘብ ስለሆነ መገበያያ ይሻላል። ሪዝንንም አመክንዮ ማለት የፍልስፍና ክፍል ያስመስለዋል፣ እኔ ምክንያት እላለሁ፣ የእኛም የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 182 ዳኛ ፍርዱ ላይ የወሰነበትን ምክንያት እንዲጽፍ ያዛል፣ ስለዚህ ቃሉ ችሎት ውስጥ ቤቱ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችውን አጭሯን «አይ ዲሰንት» ደግሞ የሰበር ዳኞቻችን እንደሚጽፉት «በሐሳብ ተለይቻለሁ» ብትያት ምንም አይጎድልባትም።

ቃል ፈላጊ፦ እግዜር ይስጥልኝ። «በዚህ ፍርድ ቤት አዲሱ የውሳኔ መገበያያ ጉልበት ነው፣ ምክንያት አይደለም» ብዬ ጻፍኩት።