ለሞዴል ባቡር ሀዲድ መደብ፦ ቺፕውድ፣ ኮምፔርሳቶ ወይስ ፎም?

ጥያቄ
ፒያሳ በሚገኘው ቤቴ ውስጥ የለገሃር ጣቢያንና ወደ አቃቂ የሚወርደውን መስመር በ1፡87 መጠን ለመሥራት ተነሥቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ መስመር የሀዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ስለነበረ፣ የምጠቀመው 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ሀዲድ ነው። አናጢው ዋጋውን አይቶ ለገበታው ቺፕውድ መክሮኛል፤ እኔ ግን ክረምቱን መቻሉን እጠራጠራለሁ። ከሀዲዱ ሥር ቡሽ ማንጠፍስ ያስፈልጋል? ከታች ጎረቤት ስላለ የድምፁ ነገር ያሳስበኛል።

መልስ 1
ቺፕውዱን ይተዉት። የእንጨት ፍቅፋቂ በኮላ ተጨምቆ የሚሠራ ስለሆነ ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ ሲደርቅም ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስም። በሀዲዱ ዙሪያ የሚበተነውን ጠጠር ለማጣበቅ በውሃ የቀጠነ ኮላ ማፍሰስዎ ስለማይቀር፣ ጉዳቱ ክረምትን አይጠብቅም። 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ወስደው ከሥሩ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ሞራሌ ቢያደርጉለት አይረግብም። ሁለቱንም ገጾችና ጠርዞቹን ቀለም ይቀቡ፤ አንዱ ገጽ ብቻ ከተቀባ እርጥበቱ በሌላው ወገን ገብቶ ሊያጣምመው ይችላል።

መልስ 2
በኮምፔርሳቶው እስማማለሁ፤ ሆኖም ሰፊና ቀጭን ገበታ እንደ ከበሮ ስለሚያስተጋባ ቡሹ የግድ ያስፈልግዎታል። 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ይበቃል። ብዙ ሰው ቡሽ አንጥፎ ድምፁ አልቀነሰም ብሎ የሚያማርረው፣ ሀዲዱን እስከ እንጨቱ ድረስ በሚስማር ስለሚመታው፣ ወይም ጠጠሩን ሲደርቅ ድንጋይ በሚሆን ነጭ ኮላ ከሀዲዱ ጀምሮ እስከ ገበታው ድረስ ስለሚያያይዘው ነው፤ ያን ጊዜ ንዝረቱ ቡሹን አልፎ ይሄዳል። ሚስማሩን ኮላው እስኪይዝ ብቻ ተጠቅመው ይንቀሉት፤ ለጠጠሩም ደርቆ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ማጣበቂያ ይምረጡ።

አነጣጠፉን በተመለከተ፣ የመስመሩን መሃል በእርሳስ አስምረው ቡሹን በቁመቱ ለሁለት ይሰንጥቁት፤ እያንዳንዱ ግማሽ ለብቻው በኩርባው ላይ በቀላሉ ይታጠፋል። ከደረቀ በኋላ ጣትዎን ሲያሳልፉበት ጉብታ እስከማይሰማዎት ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉት። በጣቢያው ግቢ ውስጥ ግን ሀዲዱ ከመሬቱ ብዙም ከፍ ማለት ስለሌለበት 2 ሚሊ ሜትር ቡሽ ያምራል።

መልስ 3
ፎሙን ለኮረብታው ያቆዩት፤ ቀላል ነው፣ በቢላዋም ይቀረጻል። ማስቲሽ ግን በፍጹም አያስነኩት፤ ይበላዋል።

ጠያቂው
ከልብ አመሰግናለሁ፤ ኮምፔርሳቶውን እወስዳለሁ። ከ5 ወደ 2 ሚሊ ሜትር የሚወርደውን ቡሽ በምን ያህል ርዝመት ላሳሳው?

መልስ 2
ቢያንስ በ30 ሳንቲ ሜትር፤ ቁልቁለቱ 1 በመቶ ብቻ ስለሚሆን ፉርጎዎቹ አይላቀቁም። ቦታ ካለዎት ከዚያም ያስረዝሙት፤ የሀዲዱ መገጣጠሚያም በዚያ መካከል እንዳይውል ይጠንቀቁ።