ለባሕሩ ይተው ወይስ ይደገፍ? ክርክር በፖይንት ዱ ሆክ የመድፍ ምሽግ ላይ

ጠያቂዋ (ከፓሪስ)፦
በዕረፍት ቀናችን ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ኖርማንዲ፣ ፖይንት ዱ ሆክ ሄጄ ነበር። ላላየው ሰው፣ እንደ ጦር ጫፍ ሾሎ ወደ ባሕሩ የገባ፣ ቁመቱ 30 ሜትር ያህል የሆነ ገደል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ስድስት ባለ155 ሚሊሜትር መድፎች ተክለውበት ነበር። በምሥራቅ ኦማሃ፣ በምዕራብ ዩታ የተባሉትን፣ እ.ኤ.አ. በ1944 የአሜሪካ ጦር ከባሕር የወረደባቸውን ዳርቻዎች ከዚያ መምታት ይቻላል። ታናሹ ልጄ ጫፉ ላይ ካለው የመመልከቻ ምሽግ ገብቶ በጠባቧ አግድም ቀዳዳ ሲያይ «እማዬ፣ ከዚህ ሁሉም ነገር ይታያል» አለኝ። ከዚያ ዓመት ወዲህ ባሕሩ ከአፋፉ 10 ሜትር ያህል ቆርሶ ወስዷል። እኔ የሚያስወጣውን ያስወጣ፣ ይደገፍ ባይ ነኝ። እናንተስ?

የታሪክ መምህሩ፦
እህቴ፣ እኔ አልስማማም። ያንን ቦታ ታላቅ ያደረገው ገደሉ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 6 ቀን 1944 ሌተና ኮሎኔል ጄምስ ራደር የመሯቸው 225 የአሜሪካ ሬንጀሮች (ለአስቸጋሪ ግዳጅ የሠለጠኑ ልዩ ወታደሮች)፣ ጀልባዎቻቸው አቅጣጫ ስተው 40 ደቂቃ ያህል ዘግይተው ከግርጌው ደረሱ። በሮኬት የሚወነጨፉት ባለመንጠቆ ገመዶች በባሕር ውሃ ርሰው ከብደው ስለነበር ብዙዎቹ አፋፉን ሳይነኩ ተመልሰው ወደቁ። ከላይ የእጅ ቦምብ ይወርድባቸው ነበር። ጁን 8 እርዳታ ሲደርስላቸው መሣሪያ ማንሣት የሚችሉት 90 ያህል ብቻ ነበሩ። ያንን ገደል በሲሚንቶ ብናለብሰው ልጆችሽ የሚያዩት ተራ ግድግዳ ይሆናል። ኮንክሪቱማ የወራሪ ሥራ ነው። የአትላንቲክ ግንብ የሚባለው የምሽግ ሰንሰለት ሲሠራ፣ ከተያዙት አገሮች በግዳጅ የተወሰዱ ሠራተኞችና የጦር ምርኮኞች ድንጋይና ሲሚንቶ ተሸክመዋል። ይህን ለማቆየት የምንጨነቅበት ምክንያት አይታየኝም።

መሐንዲሱ፦
መምህር፣ ጉዳቱ ከሁለት ወገን ነው የሚመጣው። ማዕበሉ ከሥር ይቦረቡራል፤ ዝናቡ ከላይ ሰርጎ ድንጋዩን ያላላል። ከሥር ዋሻው ሲሰፋ ከላይ ያለው በድንገት ይናዳል። የመመልከቻው ምሽግ እ.ኤ.አ. በ2001 ለጎብኚ የተዘጋው ለዚህ ነው፤ ገደሉ በሲሚንቶ ተጠናክሮ በ2011 እንደገና ተከፈተ። እንግዲህ ሲሚንቶው ቀድሞ ገብቷል፤ የቀረን መጠኑ ላይ መነጋገር ነው።

ደግሞ ከውስጥ የሚበላውን አትርሱ። በኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ብረት ጨዋማ አየር ሲያገኘው ይዝጋል፣ ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል። ተገልብጠው የወደቁትን ጣሪያዎች ቀርቦ ያየ ሰው ብረቱ እንደ ቅርንጫፍ ወጥቶ፣ ሲነኩት በእጅ ላይ ቡናማ ዱቄት ሲቀር ያውቃል። ባሕሩን ብናቆመው እንኳ ይህን አናቆመውም። ስለዚህ ጫፉ ብቻ ይደገፍ፤ ለቀረው የእግር መንገዱ ወደ ውስጥ ይሽሽለት።

ሌላ ተሳታፊ፦
እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ያ ሁሉ ደም ፈስሶ ሲወጡ መድፎቹ በቦታቸው አልነበሩም። በየመድፉ ጉድጓድ የተገኘው መድፍ እንዲመስል የተቀመጠ ግንድ ነው። ለባዶ ጉድጓድ ይህ ሁሉ ወጪ ለምን?

ጠያቂዋ፦
ወንድሜ፣ ታሪኩን ከመሐሉ አትቁረጠው። በኤፕሪል የአየር ድብደባ አንዱ መድፍ ሲጎዳ ጀርመኖች የቀሩትን አምስቱን አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ወስደው ደበቋቸው። ሊዮናርድ ሎሜልና ጃክ ኩን የተባሉ ሁለት ሬንጀሮች በዚያው ጠዋት ከዛፍ ሥር አገኟቸው፤ ጥይቱ ተደርድሯል፣ አፈሙዛቸው ወደ ዩታ ዞሯል። ብረት በሚያቀልጥ የእጅ ቦምብ ከጥቅም ውጭ አደረጓቸው። ያ በባዶ የፈሰሰ ደም ነው ልትለኝ ነው?

መድፍ በቦታው ማየት የሚፈልግ እዚያው ኖርማንዲ ወዳለው ሌላ የጀርመን የመድፍ ምሽግ፣ ወደ ሎንግ ሱር ሜር ይሂድ። እዚያ አራቱ ባለ150 ሚሊሜትር መድፎች ዛሬም ከነኮንክሪት ቤታቸው አሉ። ፖይንት ዱ ሆክ ሌላ ነው፤ አስተማሪው ያ ሣር የለበሰ የቦምብ ጉድጓድ ከአፋፉ ጋር ሲታይ ነው። ልጄ ከጉድጓዱ ገብቶ ቆሞ ራሱ እንኳ አልታየኝም፤ ደንግጬ በስሙ ተጣራሁ። አፋፉ ከተናደ ያ ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

የታሪክ መምህሩ፦
ስለ መድፎቹ ያልሽው ልክ ነው። መሐንዲሳችን ያቀረበውንም እቀበላለሁ፤ ጫፉ ይደገፍ። ከዚያ ያለፈውን ግን አልቀበልም።

ፈረንሳይ ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1979 ለአሜሪካ አስረክባለች፤ ምሽጉ ላይ የቆመው የድንጋይ ሐውልትም ለሬንጀሮቹ ነው። ይገባቸዋል። እኔ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፤ ሲሚንቶውን ስለተሸከሙት ሰዎች ለልጆችሽ ምን ነገርሻቸው?

ጠያቂዋ፦
ምንም አልነገርኳቸውም፣ መምህር። ስንመለስ መኪና ውስጥ የጠየቁኝ ሁሉ ስለ ገመዱ ነበር፤ እኔም ስለ ገመዱ ብቻ መለስኩ። ዛሬ ማታ እነግራቸዋለሁ። በመደገፉ ላይ ግን አቋሜ ያው ነው።